ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት ሾርባ

ኢንስፔክተር ሙቢና ከመኪና ስትወርድ፣ አቶ ኃይለየሱስ ደጃፍ ላይ ድንኳንና ጠብ አንድ ላይ እየተተከሉ ነበር።

የጳጉሜ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የአሰላን ቁልቁለት አጨቅይቶታል። የጭላሎ ተራራ ጉሙን እስከ አንገቱ ተከናንቧል። የእድሩ ሰዎች ካስማ ይመታሉ፤ ከግቢው ውስጥ ደግሞ የሴት ጩኸት ይሰማል። የለቅሶ ጩኸት አይደለም። ለቅሶ ወጣ ወረድ ይላል፤ ይሄኛው ግን አንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ነበር።

«ገዳይ! አባቴን በሾርባ በላሽው!»

ሙቢና ሰዉን በትከሻዋ እየከፈለች ገባች። የምትጮኸው የሟች የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ራሄል ናት። የጤና ጣቢያ ነርስ ስትሆን፣ ተረኛ ሆና ካደረችበት ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የሮጠችው። የእንጀራ እናቷን ወለላን በነጠላዋ አንቃ ይዛታለች። ወለላ ከራሄል በዕድሜ ብዙም አትበልጥም። ጉንጯ ላይ የጥፊ ጣት ታትሟል፤ ግን አታለቅስም፣ አትመልስም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ መሬት መሬት ታያለች።

«ልቀቂያት» አለች ሙቢና።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«የአባትሽን አሟሟት አጣሪ ተብዬ የተላክሁ ነኝ። ልቀቂያት።»

ራሄል ነጠላውን ለቀቀች፤ ዓይኗን ግን አልለቀቀችም። ከበስተኋላዋ አንድ ቁመተ ረጅም ሰው ጥቁር ካፖርቱን እየቆለፈ ብቅ አለ። የሟች ታናሽ ወንድም የኋላሸት ነው። ሃምሳውን አልፏል፣ ሚስት የለውም፤ ዕድሜውን በሙሉ በታላቅ ወንድሙ ቤት የኖረ ሰው ነው። ሙቢናን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ሰው ሞተብን ብንል ሴት ይላኩብን?»

«ሬሳ ሴት ወንድ አይለይም፣ አቶ የኋላሸት።»

«እንግዲያው ሥራሽ ቀላል ነው። ገዳይዋ ያቻት፤ ድስቱ ያውና። እሷን ይዘሽልን ሂጂ፣ እኛ ደግሞ ወንድማችንን ዛሬውኑ በክብር እንቅበር።»

«ሐኪም ሳያየው አይቀበርም።»

ከድንኳኑ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ «የክርስቲያን አስከሬን ይቆራረጣል እንዴ?» አለ። ሌላው «እሷስ ምን አስጨነቃት፣ የሷ ወገን አልሞተ!» ብሎ ጨመረ። ሙቢና ሰማች። የአርሲ ልጅ ናት፤ እዚሁ አሰላ ተወልዳ እዚሁ ነው ያደገችው። እንዲህ ዓይነት ቃል አዲሷ አልነበረም፤ መልስ መስጠት የሚያስከትለውንም ታውቃለች። ወደ ቤቱ ገባች።

ሟቹ ያሉት በቤቱ ጥግ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏን ከእህል መጋዘን የሚለያት የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። አቶ ኃይለየሱስ ከአልጋው በግማሽ ተንሸራተው፣ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቶ ቀርቷል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ወለሉ ላይ አስመልሰዋል። ሊወጡ ሲሞክሩ አቅም እንደከዳቸው ለማየት ፖሊስ መሆን አያስፈልግም ነበር።

«ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ የኋላሸት ከበሩ ሆኖ። «ቤተ ክርስቲያን ልስም ስነሳ እንዴት አደርክ ልበለው ብዬ ገባሁ፤ ደርቋል! ክፍሉ በነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሾርባው ውስጥ እፍኝ ሙሉ ጨምራበታለች። ለምን ይመስልሻል? የመርዙን ጣዕም እንዲሸፍንላት ነዋ!»

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ምነው?»

«ለመጠየቅ ያህል ነው።»

ሙቢና ጎንበስ አለች። ከአልጋው ግርጌ የቤቱ ድመት ተኮራምታ ሞታለች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ዝንቦች እንደ ፈሰሰ ጥቁር አዝሙድ ተነጥፈዋል። ነጩ አንሶላ ላይ ቁንጫ አየች፤ ልትይዛት ጣቷን ብትሰድ አልዘለለችም። የሞተች ነበረች። በሟች አንገት ላይ ያለው የናስ መስቀል ደግሞ ከጭስ ላይ እንደተሰቀለ ዕቃ ጠቁሯል።

ቀና ስትል ግድግዳው አናት ላይ፣ ጣውላውና ኮርኒሱ በማይገናኙበት በኩል፣ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት አየች። ዙሪያውን የምስማር ቀዳዳ አለ። ምስማሩ የተነቀለበት እንጨት ገና ነጭ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ላስቲክ ነበር መሰለኝ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አለ የኋላሸት። «ወይዘሮዋ ሾርባውን ትመርምር እንጂ ጣራ ታያለች እንዴ!»

አስከሬኑ በመኪና ወደ ሆስፒታል ሲሄድ የኋላሸት «ወንድሜን ብቻውን አልሰድም» ብሎ አብሮ ተሳፈረ። ሙቢና ይህን አልተቃወመችም። እንዲያውም ደስ አላት።

ወለላ ማድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሸሽቷታል፤ አጽናኝ የለ፣ ውሃ የሚያቀብላት የለ። ሙቢና በርጩማ ስባ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሾርባው ውስጥ ምን ምን ገባ?»

«አጃ፣ ቅቤ፣ ጨው። ሌላ ምንም።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

«ጨጓራ አለባቸው። ነጭ ሽንኩርት ካገኛቸው ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥላቸው ይውላል። አላስገባሁም።»

«ክፍሉ ይሸት ነበር ተብሏል። ለጉንፋን ብለሽ ትንሽ ጣል አድርገሽ እንደሆነ አስታውሺ፤ ወንጀል አይደለም።»

«ሸቶ ይሆናል። እኔ ግን አላስገባሁም» አለች ወለላ ድምጿን ሳትቀይር።

ሙቢና ድስቱን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። አጃና ቅቤ ነው።

«የተረፈውን ምን አደረግሽው?»

«ለውሻው ሰጠሁት።»

ውሻው ውጪ፣ ፖሊሶቹ ላይ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደርሶ ይጮሃል። ከሱ ጤነኛ በግቢው ውስጥ አልነበረም።

«ለምን ለብቻቸው ተኙ?»

«ጉንፋን ይዟቸው ነበር። የኋላሸት ነው "ነፍሰ ጡር ናት፣ ታጋባባታለህ፤ ትንሿ ክፍል ተኛ" ያላቸው። አልጋውንም ያነጠፈላቸው እሱ ነው።»

«ማርገዝሽን መቼ ሰሙ?»

«እሁድ ዕለት ቤተሰቡ ፊት ተናገሩት። ሁሉም "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለ። የኋላሸት ግን ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ።»

«ያስቀየምሽው ነገር አለ?»

ወለላ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ነገር ከየት እንደምትጀምረው ትፈልግ ነበር።

«ዲክሲስ አባቴ ቤት ሳለሁ በመጀመሪያ ሽማግሌ የላከብኝ የኋላሸት ነው። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ደግሞ ኃይለየሱስ ነበሩ። ያኔ ሚስታቸው ሞታባቸው ነበር። አባቴ "የራሱ ቤት ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ለራስህ ከሆነ ግን ውሰዳት" አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ለወንድማቸው ሚስት ሊለምኑ ሄደው ሙሽራ ሆነው ተመለሱ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ወለላ። «ከዚያ ወዲህ የኋላሸት አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ከማዕድ ስነሳ ግን ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር እያየኝ ነው የማገኘው።»

ሙቢና ከማድ ቤት ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ ቀደማት።

«እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም? እንቅልፍ የነሳኝን ማን ይጠይቅልኝ?»

ጎረቤቲቱ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ በክርክር የኖሩ አሮጊት ናቸው። ከዚህ ቤት ጋር በድንበር፣ በዛፍ ጥላና በጓሮ ፍሳሽ ተካሰው፣ አሁን ለቅሶውን እንኳ በአጥር አሻግረው ነው የሚደርሱት።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«በጉ ነዋ! የየኋላሸት በግ! ከሁሩታ ገበያ ለእንቁጣጣሽ ብሎ ያመጣው። ወልዶ የሳመው ልጁ ቢሆን እንዲህ አይሳሳለትም። ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ነው የሚዘጋበት። ትላንት ግን በዚያ ዝናብ ከበረንዳው ጥግ አስሮ አስደበደበው። ሲጮህ አደረ!»

«ረስቶት ይሆናላ።»

«ምን ይረሳል! ገና ሲመሽ "ኧረ አስገባው፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው" ብዬ ጮህኩበት እኮ። "ዛሬ እዚያ አያድርም፤ እርስዎ አርፈው ይተኙ" ብሎ ዘጋብኝ። ባለጌ!»

ሙቢና አጥሩን እንደያዘች ቆመች። በጉ በረንዳው ላይ ጸጉሩ እንደረጠበ ገለባ ያመነዥካል።

በዚህ መሃል አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመ። መጋዘኑን የተከራየው የእህል ነጋዴው ነስረዲን ነው። ጎበሳ ገበያ አድሮ፣ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ነው የገባው። ሙቢናን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ? ምን ዓይነት ነገር ነው የሰማሁት?»

«እህቴ» ያላትን ሰላምታ በኦሮምኛ ስትመልስለት ከድንኳኑ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «በአማርኛ ተነጋገሩ! ምን እየዶለታችሁ ነው?» ሲል ጮኸ።

«እንዴት አደርክ ነው ያልኩት» አለች ሙቢና ዞር ብላ። «እርስዎንም እንዴት አደሩ እንድልዎት ከፈለጉ ይቀመጡ።»

ሰውየው ተቀመጠ።

«የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ማን ይይዛል?» ስትል ነስረዲንን ጠየቀችው።

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የኋላሸት ጋ ነው። ለዚያ በጉ ሲል ከኪሱ አይለየውም። ስንዴዬ ላይ ይሸናል፣ አውጣልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት፣ አሻፈረኝ አለ። አሁን በረንዳው ላይ እንደረጠበ ሳየው ተገርሜያለሁ።»

«እዚያ ውስጥ ከስንዴ ሌላ ምን አለህ?»

ነስረዲን አመነታ። «የነቀዝ ክኒን አለኝ። መደርደሪያው ላይ፣ በታሸገ ቆርቆሮ። ግን እዚህ አልጠቀመውም ወላሂ! ሰው በሚያድርበት ቤት አይደረግም። ከከተማ ውጪ ባለው መጋዘኔ፣ ሰው በሌለበት፣ በሸራ ሸፍኜ ነው የምሠራበት።»

«ሽታው ምን ይመስላል?»

«እንደ ከረመ ነጭ ሽንኩርት ነው።»

ሙቢና ከመጋዘኑ በር ወደ ኋላ አለች። ቀጥሎ ሰዉን ሁሉ ከመጋዘኑ አርቃ፣ የመጋዘኑን በርና የትንሿን ክፍል መስኮት ወለል አድርጋ አስከፈተች። ነፋሱ እስኪበቃው ሲገባ ሲወጣ ቆይቶ ነው ከነስረዲን ጋር የገቡት። ቆርቆሮው ተከፍቷል፤ ጎድሏል። ከግድግዳው ሥር ከጆንያዎቹ ኋላ፣ በብረት ሳህን ላይ ግራጫ አመድ ተከምሯል። አጠገቡ ያ ከግድግዳው የተነቀለው ላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«እዚህ እሳት የሚያነድድ ሰው አለ?»

«ማን ደፍሮ!» አለ ነስረዲን። ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄ አመድ አይደለም፣ ኦቦሌቲ። ክኒኑ ጋዙን ጨርሶ የቀረው ነው። ሰውየው... ያ አላህ! ሰውየው በዚህ ነው የሞተው?»

«አንተም ብትሆን ሰው በሚያድርበት ግድግዳ ሥር እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማስቀመጥህ ያስጠይቅሃል። አሁን ግን አፍህን ዝጋ፤ ለማንም አትናገር።»

ሳህኑንና ቆርቆሮውን ባለሙያ ተጠርቶ አነሳቸው። መጋዘኑም ክፍሏም እንደተከፈቱ ዋሉ። ከሆስፒታል ሐኪሙ ደወለ፤ የሟች ሳንባ ውሃ ቋጥሯል፣ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ይላካል አላት። ሙቢና አመስግና ዘጋች፤ የቀራት አንድ ሰው ነበር።

ራሄል ድንኳኑ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሙቢና ስትቀርባት ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«አላሰራትም ብለው ሊነግሩኝ ከሆነ የመጡት ይሂዱ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ጤና ጣቢያችሁ ለእድሮች ትምህርት ይሰጣል አይደል?»

«እና? በቤት ውስጥ ስላሉ አደጋዎች እናስተምራለን። የከሰል ጭስ፣ የተበላሸ አረቄ፣ የመድኃኒት አያያዝ፣ የነቀዝ ክኒን...» ራሄል ዝርዝሩን አቆመች። መልሳም «የነቀዝ ክኒን» አለች፤ በዚህኛው ጊዜ ለራሷ ነበር።

«በአጎትሽ እድር ያስተማርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ዲክሲስ አካባቢ ተኝተው የቀሩትን ባልና ሚስት ታሪክ አንስቼ... ከፊት ተቀምጦ ነበር። ጥያቄም ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«"ለከብትስ ያሰጋል?" አለኝ። "የሚተነፍስ ሁሉ ይሞትበታል" አልኩት።» ራሄል ጋውኗን በሁለት እጇ ጨመደደች። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት? እኔ?»

«አንቺ ሰው እንዲድን ብለሽ ነው ያስተማርሽው። አሁን ፊትሽን ታጠቢና ዝም በይ።»

አስከሬኑ ከሆስፒታል ሲመለስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። የኋላሸት ከመኪናው ወርዶ «በቃ፣ ተመረመረ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን!» ብሎ ሊያዝዝ ሲል፣ ሙቢና ቤተሰቡን ወደ ትንሿ ክፍል ጠራች። ወለላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ራሄል፣ ነስረዲንና እትዬ ብርቄ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የኋላሸት በመጨረሻ ገባ። ሙቢና በሩን ዘጋች፤ ቀጥላም መስኮቱን ዘግታ መቀርቀሪያውን ገፋች።

«ብርድ ነው» አለች። «ጉዳዩ ትንሽ ይረዝማል።»

ንግግሯን ገና ሳትጀምር የኋላሸት ዓይኑ ወደ ግድግዳው አናት ሄደ። ክፍተቱ እንዳለ ነው። የካፖርቱን አንገት ፈታ።

«ሾርባው ደህና ነበር» ስትል ጀመረች ሙቢና። «የተረፈውን የበላው ውሻ አሁንም ፖሊስ ላይ እየጮኸ ነው። እዚህ ግን ድመቷ ሞታለች፣ ዝንቡ ሞቷል፣ ቁንጫው ሳይቀር አልቋል። ቁንጫ ሾርባ አይበላም። ስለዚህ ሞት ወደዚህ ክፍል የገባው በአየሩ ነው። የናሱን መስቀል ያጠቆረውም እሱው ነው።»

የኋላሸት ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «መስኮቱን ክፈቺው።»

«ይቆዩኝ። አቶ የኋላሸት ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሸቷል። ድስቱ ውስጥ ግን ነጭ ሽንኩርት የለም። ወለላን ሁለቴ ጠየቅኋት፤ ሁለቴም አላስገባሁም አለች። ገዳይዋ እሷ ብትሆን ማምለጫ ሰጥቻት ነበር። "አዎ፣ ለጉንፋኑ ብዬ ጨምሬያለሁ" ብላ ሽታውን ትሸፍንበት ነበር። ሽታው ከሾርባው ነው ብሎ እንድናምን የተጨነቀው ሌላ ሰው ነው።»

«መስኮቱን ክፈቺው ነው የምልሽ! ሰው ይታፈናል!»

«ማን ይታፈናል?» አለች ሙቢና። «ወንድምዎ በሾርባ ነው የሞቱት ብለውኛል እኮ።»

ወለላ አልተንቀሳቀሰችም፤ እትዬ ብርቄ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ከሁሉም ውስጥ ትንፋሹን ይዞ፣ አፍንጫውን በካፖርቱ እጅጌ የሸፈነው የኋላሸት ብቻ ነበር። ሁሉም እሱን ማየት ሲጀምሩ እጁን ቶሎ አወረደ። ግን አልፏል።

«አይፍሩ» አለችው። «ሳህኑ ተነስቷል። መጋዘኑም ክፍሉም እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ ሲናፈሱ ነው የዋሉት። እዚህ ውስጥ ያለነው ሁሉ ንጹሕ አየር ነው የምንተነፍሰው። እኔን የገረመኝ፣ ማንም ሳይነግርዎት ከዚያ ግድግዳ ማዶ ሞት እንዳለ ማወቅዎ ነው።»

«ይሄ... ይሄ ማስረጃ ነው? እኔ የነቀዝ መድኃኒት ምን እንደሆነ አላውቅም!»

«መድኃኒት አልኩ እንዴ እኔ?»

ራሄል ከግድግዳው ተነጥላ ወደፊት መጣች። «ከፊት ተቀምጠህ ነበር። "ለከብትስ" ብለህ ጠየቅኸኝ። ጎበዝ ጥያቄ ነው ብዬ አመሰገንኩህ።»

«መጋዘኑን የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች ሙቢና። «ነስረዲን ጎበሳ ነው ያደረው፤ ያሳደረው ሰው መስክሯል። ሌላው ቁልፍ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ክኒኑን ከቆርቆሮ አውጥተው ከግድግዳው ሥር አኖሩ፣ ላስቲኩን ነቀሉ፣ ወንድምዎን ለነፍሰ ጡሯ ሲሉ ወደዚህ አልጋ አመጡ። ጠዋት ቀድመው ገብተው መስኮቱን ከፈቱ። ሁሉንም አስበውበታል። አንድ ነገር ብቻ አላስቻለዎትም።»

«ምን?»

«በጉ። ነስረዲን ስንት ጊዜ ለምኖ ያላስወጣውን በግ፣ በዚያ ዝናብ ራስዎ አወጡት። እትዬ ብርቄ ምስክር ናቸው። ለበጉ ራሩለት፤ ለወንድምዎ ግን አልራሩለትም።»

«ፍርድ ቤት በግ ልታቆሚብኝ ነው?» የኋላሸት ሊስቅ ሞከረ።

«በጉን አይደለም፣ እኔን ነው!» አሉ እትዬ ብርቄ። «በደስታ ነው የምቆምልህ!»

የኋላሸት ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ከማንም ሳይሆን ከወለላ ጋር ብቻ እንዳለ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አፌ ነው ብዬ ላክሁት። "ወንድሜ ነህ፣ አባቴም ነህ፣ ሂድና ለምንልኝ" አልኩት። ለራሱ ለምኖ መጣ! በሠርጉ ቀን ጠጅ የቀዳሁት እኔ ነኝ። አልጋውን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። እሁድ ዕለት ደግሞ "ወንድሜ፣ ልጅ ልወልድ ነው" ብሎ አቀፈኝ። አቀፈኝ! ምን ሰው ነው እሱ? ምን እንዳደረገኝ እንኳ ረስቶታል!»

«እሷስ ምን አደረገችዎት?» አለች ሙቢና። «ከአልጋው ለይተው ያተረፏት ስለወደዷት አይደለም። አብራው እንድትሞት አልፈለጉም። በአደባባይ ገዳይ ተብላ፣ ልጇን እስር ቤት እንድትወልድ ነው የፈለጉት።»

ወለላ ተነሳች። ቀርባው ፊት ለፊት ቆመች፤ በዚያ ቤት ኑሮዋ ዓይኑን ሳትሸሽ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንተንም ቢሆን አላገባህም ነበር» አለችው። «ማናችሁም አልጠየቃችሁኝም እንጂ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ከየት መጀመር እንዳለበት ጠፋው። ጠዋት ወለላን የረገመ አፍ አሁን እሱን ለመርገም ሲከፈት ትንሽ ተሳሰረ። ያ በአማርኛ ተነጋገሩ ያለው ሰው ሙቢና በአጠገቡ ስታልፍ ካስማ እንደሚያጠብቅ ሰው ጎንበስ አለ።

ወለላ በበረንዳው ተከተለቻት። «እዚያ ክፍል አብሬያቸው ብተኛ ኖሮስ?»

ሙቢና ልትዋሻት አልፈለገችም። «ሦስት ሆናችሁ ነበር የምትቀበሩት። ጋዙን የጠጣው ስንዴ ከዚህ ግቢ እስኪወጣ እዚህ ቤት አትደሪ።»

«የት ልሂድ? ከጠዋት ጀምሮ ማን በር ከፈተልኝ?»

ይህን ስትል ራሄል ከኋላቸው ደርሳ ነበር። እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ወለላ ክንዷን ይዛ አቆመቻት። አያያዟ የዋዛ አልነበረም፤ ጣቷ ሥጋዋ ውስጥ ገባ።

«ተይ። ሰው ፊት መታሽኝ፣ ሰው ፊት ደግሞ እግሬ ላይ ወድቀሽ ቅልል ሊልሽ? አልችልም ዛሬ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ራሄል እያለቀሰች።

«አባትሽን ቅበሪ። ማታ ቤትሽ ውሰጂኝ፤ መተኛ ስጪኝ። ይቅርታውን አትጠይቂኝ፣ ሲመጣ ይመጣል።»

ቄሶቹ ጸሎት ጀመሩ፤ አስከሬኑ ተነሳ። ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሬሳው ኋላ የሚስትን ቦታ ያዘች፤ የሸሿት ሴቶች ሁሉ ሳይባሉ መንገድ ለቀቁላት። ራሄል ከጎኗ ገብታ ክንዷን ያዘቻት። ወለላ ክንዷን አላስለቀቀችም፤ አልተደገፈችባትምም። ሁለቱም ጭቃውን እየረገጡ ቁልቁለቱን ወረዱ።